ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዙር

ሐረገወይን በየሥራ ቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጆሮዋን ታስለካለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ማዳመጫና አንድ ቁልፍ አለው። ማዳመጫው ውስጥ የሞተር ድምፅ ከታች ተነስቶ ይወጣል። ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዙር ደርሷል ብላ ስታምን ቁልፉን ትጫናለች። ይህን አሥር ጊዜ ትደግማለች። ከዚያ ትመዘናለች፣ ለደም ምርመራ ጣቷን ትወጋለች፣ ቱታዋን ትለብሳለች። በሦስት ዓመት ውስጥ የቀረችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እናቷ የተቀበረች ዕለት። በማግስቱ ሃያ ጊዜ ተጫነች።

የሰንዳፋው መወዳደሪያ አሥር መኪኖች አሉት። ነዳጅ የሚጠጡ መኪኖች ከእነዚህ በቀር የሉም። የመጨረሻው ማደያ ከተዘጋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ሰዉ ከከተማ ተሰልፎ የሚመጣው ሞተር ሲጮህ ለመስማት ነው። መሪውንና ፍሬኑን መኪናው ራሱ ይይዛል፤ ነዳጁንም ራሱ ይሰጣል። ለሰው የተተወው ፍሪሲዮኑና የማርሹ እጀታ ብቻ ነው። ሥራው ማርሽ ቀያሪነት ይባላል። ዙር ቆጣሪው በጥቁር ፕላስቲክ ስለተሸፈነ ቀያሪው የሚሠራው በጆሮው ነው። ተመልካቹ ደግሞ ቀጣዩ ቅያሬ በስንት ዙር እንደሚሆን ይገምታል። ማን ቀድሞ ገባ የሚለው ለማንም ጉዳይ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ሰሌዳ ላይም አይጻፍም።

ነጥብ የሚያዘው በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ በሚቀየርበት ቅጽበት ነው። ለዚህ ቅያሬ መወዳደሪያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ሠንጠረዥ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ይላል። ከዚህ ቁጥር ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች የራቀ ሁሉ ይመዘገብበታል። ወቅቱ ሲዘጋ በዝርዝሩ አሥረኛ የሆነው ሰው ወደ ግድግዳ ክፍል ይዛወራል።

ግድግዳ ክፍል ከሜዳው በስተጀርባ ያለው ረጅም መጋዘን ነው። እዚያ መኪኖች ከኮንክሪት ግድግዳ ጋር ይጋጫሉ፤ ውስጣቸው ሰው ይቀመጣል። የግጭት ጉዳትን ለማጥናት ከአሻንጉሊት የተወሰደ መረጃ ተቀባይነት ካጣ ብዙ ዘመን ሆኗል። ውሉ በዓመት ስድስት ግጭት ይላል። ፍጥነቱ የሚወሰነው ጉዳቱ ሊድን በሚችልበት ልክ ነው፤ ሊድን የሚችል ጉዳት ምን እንደሆነ አባሪ ሁለት በአሥራ አራት ገጽ ይዘረዝራል። አልዛወርም ያለ ሰው ቁጥሩ ከሥራ መዝገብ ይሰረዛል። ቁጥር ለሌለው ሰው የክሊኒክ በር አይከፈትም፣ አውቶቡስም አይቆምም።

ወቅቱ ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የተለጠፈው ዝርዝር አንደኛ ሐረገወይንን አደረገ፤ አማካይ ርቀቷ ሃያ ሁለት ዙር ነው። ስድስተኛው ጉተማ ነበር። አሥረኛው ጋሽ ድልነሳ ናቸው፤ ርቀታቸው ሦስት መቶ አምስት ነው፣ ያውም ሁሉም ወደ ታች።

«ጋሼ፣ ዛሬም ቀደሙ አይደል?» አለ ጉተማ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጫማውን እየፈታ። «እኔ ከኋላዎ ሆኜ ስሰማ፣ ሰውዬው ቤታቸው ምን ጥለው መጡ እላለሁ።»

«አንተ ደግሞ ዋጋ እንደጠፋበት ደላላ ነው የምትሠራው» አሉ ጋሽ ድልነሳ። «አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች።»

«ደላላም ብሆን ስድስተኛ ነኝ።»

«ያቆይልህ።»

«የምሬን ነው፤ ትንሽ ይታገሱ። በልብዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ።»

«እቆጥራለሁ። ሁለት ላይ እጄ ይሄዳል።» እጃቸውን ዘርግተው አዩት፤ የሌላ ሰው ዕቃ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። «መኪናው ሲበቃው ይሰማኛል። ከዚያ በላይ ይጮሃል እንጂ አይሄድም።»

«ጆሮዎ ነዋ።»

«ጆሮዬ ነው መሰለኝ» አሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ሐረገወይንን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በመወዳደሪያው ልማድ አዲስ ቀያሪ የመጀመሪያውን ወቅት ብቻውን አይቀይርም። አስተማሪው ከጎኑ ተቀምጦ ሁለት ጣቶቹን እጅ አንጓው ላይ ያሳርፋል። መቀየሪያው ቅጽበት ሲደርስ ጣቶቹን ያነሳል። መምታት፣ መጫን፣ መናገር ክልክል ነው። ጋሽ ድልነሳ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ አስረድተዋት ነበር፦ «ሞተር ዙሩ ሲወጣ ጉልበቱም ይወጣል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ግን የሚወጣው ጩኸቱ ብቻ ይሆናል። አራተኛ ስታስገቢ ዙሩ ይወርዳል። የያዝሽው ማርሽ ለጎማው የሚሰጠው ጉልበት ቀጥሎ ያለው ከሚሰጠው ጋር እኩል የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ። ከዚያ በፊት ከቀየርሽ ጉልበት ጥለሽ ሄድሽ። ካለፍሽው ደግሞ ለጎማው የማይደርስ ጩኸት ነው።» ከዚያ በኋላ ያስተማሯት በጣታቸው ነው።

በሁለተኛ ዓመቷ ድርጅቱ ቤተ ሙከራውን ወደ አዋሽ አዛወረ፤ አዲስ ሠንጠረዥም መጣ። ሐረገወይን ጣቶቹ የሚነሱበትን ቅጽበት ለመርሳት ስድስት ወር በጆሮ ክፍል ውስጥ ለፋች። ረሳችው። ጋሽ ድልነሳ በዚያ ዓመት ከሁለተኛ ወደ ስምንተኛ ወረዱ።

ከቀጥታው መንገድ ጫፍ ላይ አንድ አሮጌ የፍጥነት ሰሌዳ አለ። ማን ቀደመ የሚባልበት ዘመን ርዝራዥ ነው፤ የሚያነሳው ስላልተገኘ እዚያው ቀርቷል። ሐረገወይን ቁጥር ካየች መጻፍ ልማዷ ነው። ለአርባ አንድ ቀን የአሥሩንም መኪኖች ፍጥነት በትንሽ ደብተር መዘገበች። መኪኖቹ በየሳምንቱ በዕጣ ይቀያየራሉ። እሷ የትኛውም መኪና ውስጥ ብትሆን ሰሌዳው ሁለት መቶ ሰባት ወይም ሁለት መቶ ስምንት ይላል። ጋሽ ድልነሳ የትኛውም መኪና ውስጥ ቢሆኑ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ነው።

አንድ ሐሙስ፣ ነጥብ በማይያዝበት ልምምድ፣ በሦስት የሜዳ ዙሮች ላይ ሆን ብላ ቀድማ ቀየረች፤ የረሳችው ቅጽበት እንዳልተረሳ ያኔ አወቀች። ሰሌዳው አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት አለ።

ምሽቱን ሠንጠረዡን አውጥታ አነበበችው። ከላይ በትንሽ ፊደል «የተለካበት ቦታ፦ አዋሽ» ይላል። አሥሩም ቀያሪዎች ይህን መስመር ሁለት ዓመት ሙሉ አይተውታል። ሰንዳፋ ከአዋሽ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ነው። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተርቦ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ያካክሰዋል፣ ላይ ሲደርስ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። አዋሽ ላይ ጉልበት የነበረው ዙር እዚህ ጩኸት ብቻ ነው። አምና ወደ ግድግዳ የወረደችው አስካለም በድሮው ሠንጠረዥ የሠለጠነች ነባር ነበረች።

አራት ገጽ ጽፋ ለቴክኒክ ክፍል ላከች። የጋሽ ድልነሳን ስም አልጠቀሰችም፤ «ቀያሪ ቁጥር ሰባት» ብላ አለፈች። እሳቸውንም እንዳዳነቻቸው እርግጠኛ ሆና ተኛች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የቴክኒክ ክፍሉ ኢንጂነር ኤዶምያስ አስጠራት። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ በቀር ምንም የለም። ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋው።

«ይቀመጡ። ጽሑፍዎን አነበብኩት። ትናንት እዚሁ አስለካሁት፤ ትክክለኛው ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው።»

«ቀያሪ ቁጥር ሰባት ከዚህ በምን ያህል ይርቃሉ?»

«በአምስት ዙር። እንዲህ ያለ ጆሮ አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ተረፉ ማለት ነው። አይወርዱም።»

«አይወርዱም። ወቅቱ ሳይዘጋ የገባ እርማት ወቅቱን በሙሉ ይመለከታል፤ ደንቡ እንዲህ ነው። አዲሱን ዝርዝር ላሳይዎት?»

ስክሪኑን አዞረላት። አንደኛ ድልነሳ። ሐረገወይን ስሟን ፍለጋ ወደ ታች ወረደች። አሥረኛ ነበረች።

«ይሄ ልክ ሊሆን አይችልም» አለች። «ዘጠኛችንም እኮ የሠራነው በአንድ ቁጥር ነው። ዘጠኛችንም በሦስት መቶ ነው የተሳሳትነው።»

«በሦስት መቶ አካባቢ። ለምሳሌ ጉተማን ይውሰዱ። አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ስለሚሄድ ሲደመር ሦስት መቶ ላይ ያርፋል። የእርስዎ ስህተት ትንሽ ነው፤ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ሦስት መቶ ላይ ሃያ ሁለት ይጨመራል። ያን ያህል ወጥ ሆኖ የራቀ ሌላ ሰው የለም።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ አድናቆት ነበረ።

ሐረገወይን ውኃውን አልነካችም። «ወቅቱ ከተዘጋ በኋላ ቢገባስ?»

«ለሚቀጥለው ወቅት ብቻ ይሠራል።»

«ያኔ እሳቸው ወርደዋል።»

«ወርደዋል።»

«ሁለታችንም የማንወርድበት መንገድ የለም?»

«ዝርዝሩ አሥረኛ አለው» አለ ኤዶምያስ። «ጽሑፉ የእርስዎ ስለሆነ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ማንሳት ይችላሉ። ካላነሱት በራሱ ይገባል።»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔ ቀያሪ አይደለሁም።»

ከቢሮው ስትወጣ አራት ሰዓት ከሃምሳ ነበር። ወደ ካንቲን ሄደች። ትኬት የምትቆርጠው አስካለ ናት፤ አምና ከዝርዝሩ መጨረሻ የወረደችው። ስድስቱን ጨርሳ ወደዚህ ተመድባለች። ሰው ሲጠራት አንገቷ ስለማይታዘዛት መላ ሰውነቷን ታዞራለች።

«አስካለ፣ ያማል?» አለች ሐረገወይን።

«ምኑ?»

«ግድግዳው።»

አስካለ ትኬቱን እየቆረጠች አሰበችበት። «ግድግዳው አያምም፤ ፈጣን ነው። የሚያመው ቀበቶው ነው። ከዚያ ደግሞ ከአንዱ እስከሚቀጥለው ያለው ቀን። እሱ ሩቅ ነው።» ቀና ለማለት ወገቧን ለጠጠች። «ሻይ ነው ምሳ?»

«ሻይ።»

ጋሽ ድልነሳ ጥግ ላይ ፓስታ እየበሉ ነበር። ሲያዩዋት ወንበር በእግራቸው ገፉላት።

«ነይ እስኪ፣ አንደኛ። ከአሥረኛ ጋር መቀመጥ ካልከለከሉሽ።»

«ጋሼ ደግሞ።»

«ሃያ ሁለት ዙር! እኔ በደህና ዘመኔ እንኳ እንዲህ አልነበርኩም።» ሹካውን አስቀመጡ። «ስሚ፣ አንድ ነገር ሠርቻለሁ፤ እንዳትቆጪ። የግድግዳው ቅጽ ላይ ተጠሪ የሚል ቦታ አለ። ሰው እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ያንቺን ስም ጻፍኩ።»

«ገና ስድስት ቀን አለ እኮ።»

«ስድስት ቀን ለዚህ ጆሮ ምን ያደርግለታል? ይልቅ አንድ ደህና ነገሩን ልንገርሽ። ግድግዳው ላይ ማርሽ የለም። ሦስት መቶ ቀድመሃል የሚለኝ ሰው አይኖርም።» ሳቁ። የሳቁት እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ ጉሮሯቸው ውስጥ ፓስታ ቀርቶ አሳላቸው። ሐረገወይን ሻይዋን አቀበለቻቸው።

የካንቲኑ ሰዓት አምስት ከሃያ ይላል። ብትነግራቸው ምን እንደሚሏት ታውቅ ነበር። «አንሺው» ይሏታል፤ ሳያመነቱ፣ ምናልባትም ተቆጥተው። ይህን እርግጠኛ ስለሆነች መንገር አያስፈልግም ብላ ወሰነች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም» አሉ።

«እንቅልፍ ነው።»

«እንግዲያው ሂጂና ተኚ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አለሽ።»

አምስት ከአርባ ስምንት ላይ ጽሑፉን አነሳች። ቅጹ ምክንያት ጠየቃት። ሦስት ምርጫ ነበረው፦ የስሌት ስህተት፣ የመረጃ ጉድለት፣ ሌላ። የስሌት ስህተት የሚለውን መረጠች። እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲላት አዎ አለች።

በስድስተኛው ቀን ወቅቱ ተዘጋ። ጋሽ ድልነሳ ቱታቸውን አጣጥፈው ለዕቃ ክፍል አስረከቡ፣ ከሁሉም ጋር ተጨባብጠው በኋላው በር ወጡ። ጉተማ እስከ በሩ ሸኛቸው፤ ከዚያ ወዲያ አይፈቀድም።

አዲሱ ወቅት ሲጀመር አዲስ ሠንጠረዥ ተለጠፈ። ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ። ከሥሩ «በኢንጂነር ኤዶምያስ ጥናት መሠረት» የሚል ተጽፎበታል። ሌሎቹ ቀያሪዎች ጆሯቸውን ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጀባቸው። ሐረገወይን አራት ቀን በቃት። ርቀቷ አሥራ አንድ ሆነ፣ ከዚያ ስምንት፤ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል እንዲሆን ትጠነቀቅ ነበር።

አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጉተማ ሠንጠረዡን አፍጥጦ ሲያየው ቆየ።

«ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ...» አለ። «ይሄ የጋሼ ቁጥር አይደለም እንዴ?»

ሐረገወይን አጠገቡ የጫማዋን ማሰሪያ ታስር ነበር።

«እኔ ጆሮዎ ነው እያልኩ ሳሾፍባቸው... » ግንባሩን በመዳፉ አሻሸ። «ይህን መስማት አለባቸው። ሌላው ቢቀር ይህን ይስሙ። እዚያ የሚያስገቡት ተጠሪ ብቻ ነው አሉ። ሐረግ፣ አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ። እነግራቸዋለሁ።»

«ማርያምን በይ። ጉተማ ይቅርታ ብሏል በያቸው።»

«እሺ።»

ከአራተኛው ግጭት በኋላ ተጠራች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ወደ ሜዳው ይከፈታል። ጋሽ ድልነሳ ከአገጫቸው እስከ ደረታቸው በፕላስቲክ ማቀፊያ ተይዘው ጣራ ጣራውን ያያሉ። ግራ ዓይናቸው ደም ለብሷል።

«ሐረግ ነሽ።»

«በምን አወቁ?»

«በእርምጃሽ። ሁልጊዜ እኩል ነው የምትረግጪው።» ከንፈራቸው ደርቆ ስለነበር ውኃ በጥጥ አስነካቻቸው። «ጉተማ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ሰላም ብሏል።»

«ያ ደላላ።»

ከሜዳው አንድ መኪና በቀጥታው መንገድ አለፈ፤ ድምፁ ወጣ፣ ተቆረጠ፣ እንደገና ከታች ተነሳ። ጋሽ ድልነሳ ትንፋሻቸውን ይዘው አዳመጡት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «እዚህ ተጋድሜ ሌላ የማስበው የለም። ያኔ፣ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ሲሉን፣ ሞተሩ የሚታፈን ነበር የሚመስለኝ። በደንብ ነበር የሚሰማኝ፤ አንቺን ባስተማርኩበት ጊዜ እንደሚሰማኝ። ሳስበው ወይ መኪናው ነው፣ ወይ እኔ ነኝ። አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ፤ አትዋሺኝም። የቱ ነበር?»

ሐረገወይን የጉተማን መልእክት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታስታውሰው ነበር። ይህን ከነገረቻቸው የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሆነ ደግሞ ታውቃለች፤ መቼ ታወቀ የሚለው ነው።

«እርስዎ ነበሩ ጋሼ» አለች።

«መኪናው አልነበረም?»

«መኪናው ደህና ነበር።»

«በስንት ነበር የተሳሳትኩት?»

«ሦስት መቶ አምስት።»

ጤነኛው ዓይናቸው ጣራው ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ ቆይቶ ቆመ።

«እንኳን ነገርሽኝ» አሉ። «ሌላው ሰው ሁሉ ያባብለኛል። እኔ ደግሞ ምን ይመስለኝ ነበር መሰለሽ... ተይው፣ የሽማግሌ ነገር ነው። መስኮቱን ዝጊልኝ። ድምፁን አልፈልገውም።»

ዘጋችው። ነርሷ ወረቀት ይዛ ገባች። የአራተኛው ግጭት ጉዳት ሊድን የሚችል መሆኑን ተጠሪዋ እንድታረጋግጥ የሚጠይቅ ነው፤ ያለ ፊርማዋ አምስተኛው አይያዝም፣ ካልተያዘ ደግሞ ሕመምተኛው ቁጥሩን ያጣል። ሐረገወይን ሦስቱንም ገጽ ቆማ አነበበች። ሁለተኛው ገጽ ላይ የግጭቱ ቀን በአንድ ቀን ተሳስቶ ነበር። እስክሪብቶ ተቀብላ አስተካከለችው፣ ከጎኑ አጭር ፊርማ አኖረች፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ ፈረመች።

አምስተኛው ለማክሰኞ ተያዘ።